ስብሰባ መጥራት ሌላ፣ ምክር መጠየቅ ሌላ

ተሳትፎ የሚለው ቃል ከመሥሪያ ቤቶቻችን ወረቀት ላይ የማይጠፋ ቃል ሆኗል። ዕቅድ ሲጻፍ «በኅብረተሰቡ ተሳትፎ» ተብሎ ይጀመራል፤ ሪፖርት ሲጻፍ «ኅብረተሰቡን በማሳተፍ» ተብሎ ይፈጸማል። በመካከሉ ምን እንደ ተደረገ የጠየቀ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም በዚህ ቀን፣ በዚህ አዳራሽ፣ ይህን ያህል ሰው ተሰብስቧል የሚል ነው። የተሰብሳቢው ቍጥር በመዝገብ ሰፍሯል፤ ፊርማውም አለ። የተናገረው ነገር ግን አልሰፈረም፤ የሰፈረም እንደ ሆነ በንግግሩ ምክንያት ከዕቅዱ ውስጥ ምን እንደ ተለወጠ የሚያስረዳ መስመር አይገኝም።

ይህ ነገር የቃላት ጨዋታ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አናየውም። አንድ ቀበሌ የውሃ ጉድጓድ የት እንደሚቆፈርለት፣ አንድ ከተማ የትኛው መንገድ አስቀድሞ እንደሚጠረግለት፣ የአንድ አርብቶ አደር መንደር የግጦሽ መሬት ለምን ሥራ እንደሚውል የሚወሰነው በእነዚሁ ስብሰባዎች ስም ነው። ውሳኔው የተበላሸ እንደ ሆነ የሚጐዳው ሪፖርቱን የጻፈው ሳይሆን በጉድጓዱ አጠገብ የሚኖረው ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን ነገሩን በሁለት ከተሞች፣ በአዋሽና በሰመራ፣ እነርሱንም በሚያገናኛቸው ሸለቆ እያየን ልንመረምረው አስበናል። መምረጣችንም ያለ ምክንያት አይደለም። በአዋሽ ሸለቆ ሕዝብ ሳይጠየቅ የተሰጠ ውሳኔ ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ ከ60 ዓመት በላይ የሆነው ታሪክ አለ። በዚያው ሸለቆ ደግሞ መጠየቅንና መመካከርን ከማንም ሳይማር ሥርዓት አድርጎ የያዘ ሕዝብ ይኖራል።

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ መንገደኛ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዋሽ ሰባት ኪሎ ይደርሳል። ከተማይቱን የወለዳት ባቡር ነው። የጅቡቲው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት አዋሽን አልፎ ነበር። ለተሳፋሪው ማረፊያና ምግብ፣ ለባቡሩም ውሃ ያስፈልግ ስለ ነበር ጣቢያ ተሠራ፤ በጣቢያው ዙሪያ የሐዲድ ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ምግብ ሻጩ ከየአገሩ መጥቶ ተሰበሰበ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም በመስከረም 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ አዋሽን አልተዋትም። ከከተማይቱ አጠገብ መኪና መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ሲሄድ ሌላው ወንዙን ተከትሎ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ ሰመራ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ወሰን ይወርዳል።

ሰመራ የዚህ የሁለተኛው መንገድ ልጅ ናት። የአፋር ክልል ዋና ከተማ ቀድሞ አይሳኢታ ነበረች። ሰመራ ግን በመንግሥት ውሳኔ በሜዳ ላይ የተተለመች ከተማ ስለ ሆነች ቢሮው፣ ምክር ቤቱ፣ ዩኒቨርሲቲው ቀድመው ቆሙ፤ ነዋሪው ከዚያ ወዲህ መጣ። አጠገቧ ያለችው ሎግያ ከእርሷ በፊት የጭነት መኪና ነጂዎችና የነጋዴዎች መናኸሪያ ነበረች፤ አሁን ሁለቱ ሰመራ-ሎግያ በሚባል አንድ የከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው። እንግዲህ በአዋሽ ሰው ቀድሞ አስተዳደር ተከተለው፤ በሰመራ ግን አስተዳደር ቀድሞ ሰው ተከተለው። በሁለቱም ከተሞች ዳር ከሁሉ አስቀድሞ የነበረው፣ ግመሉንና ከብቱን እየነዳ የሚያልፈው አርብቶ አደር አለ። ከተማ ሲተለምና ሲሰፋ ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻ የሚታሰበው እርሱ ነው።

ይህ መጨረሻ የመታሰብ ነገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የአዋሽ ወንዝ ወደ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ የሚያልቅ፣ ርዝመቱ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ወንዝ ነው። በክረምት ሞልቶ ሜዳውን ያጠጣል፤ ውሃው ሲሸሽ በጭቃው ላይ የሚበቅለው ሣር የአፋር ከብት የበጋ መኖ ነበረ። ሩቅ ያለው መስክ ሲደርቅ ሁሉም ወደ ወንዙ ዳር ይመለሳል። ስለዚህ የወንዙ ዳር መሬት በዝናብ ወራት ለተመለከተው እንግዳ ባለቤት የሌለው ባዶ ሜዳ ይመስላል። በመሬቱ ላይ የመጣው መከራ ከዚህ አስተያየት የተነሣ ነው ለማለት እንደፍራለን።

በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተሠርቶ የወንዙ ፈሰስ በሰው እጅ መገዛት ጀመረ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ሥራውም የሸለቆውን ውሃና መሬት ለልማት ማደራጀት ነበር። በታችኛው አዋሽ በተንዳሆና በዱብቲ፣ በመካከለኛው አዋሽም በአሚባራ በኩል ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ተከፈቱ፤ በተንዳሆ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ባለ አክሲዮን ሆኖ ገባ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ በላይኛው በኩል የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተከለለ። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ሲታይ መልካም ነው። ጥጥ ለፋብሪካዎቻችን ያስፈልግ ነበር፤ አራዊትም መጠበቅ ይገባቸዋል። የአውሳው ሱልጣን ዓሊሚራህ ሐንፈሬም ራሳቸው ጥጥ ያስለሙ ስለ ነበር አፋር እርሻን የሚጠላ ሕዝብ ነው የሚለው አነጋገር ከእውነት የራቀ ነው። ስሕተቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። የበጋው ግጦሽ ሲታረስ ከብቱ በበጋ የት ይግባ የሚለው ጥያቄ ለባለ ከብቱ ሳይቀርብ ቀረ።

ጥያቄው ሳይጠየቅ ቢቀርም መልሱ መምጣቱ አልቀረም። በ1965 ዓ.ም. ድርቅ በሆነ ጊዜ ወደ ወንዙ የተመለሰው መንጋ ያገኘው አጥርና ቦይ ነበር። በዚያ ድርቅ ከወሎ ገበሬ ጋር የአፋር አርብቶ አደር ክፉኛ እንደ ተጐዳ የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ለጉዳቱ መክፋት የዝናቡ መጥፋት ብቻ ሳይሆን የወንዙ ዳር ግጦሽ መወሰድም ምክንያት መሆኑን በጊዜው የነበሩ ተመራማሪዎች ጽፈውታል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ንብረት ሲሆን የእርሻዎቹ ባለቤት ተለወጠ እንጂ የአወሳሰኑ መንገድ አልተለወጠም። ለዚህም ዛሬ በዓይን የሚታይ ምስክር በየመንገዱ ዳር ቆሟል፤ ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ በ1970ዎቹ በመካከለኛው አዋሽ የመስኖ እርሻዎች አካባቢ ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ይበጃል ተብሎ ተተከለ። ያስተከሉት ሰዎች ክፉ አሳቢዎች አልነበሩም። የዛፉን ፍሬ ከብትና ፍየል በልቶ ዘሩን ከፋንድያው ጋር በየመስኩ በተነው፤ ወንዙም በጐርፍ ወሰደው። አሁን በብዙ የአፋር ወረዳዎች ሣር የነበረበትን ቦታ ሸፍኖ ሰውም ከብትም የማያሳልፍ ጫካ ሆኗል። ከብት ምን እንደሚበላ፣ የበላውን ዘር የት እንደሚጥል ከአርብቶ አደር የበለጠ የሚያውቅ ማን ነበር? አንድ ቀን ከጥላ ሥር ተቀምጦ ቢጠየቅ ኖሮ ቢያንስ አንድ ጠቃሚ ጥርጣሬ ይገኝ ነበር ብለን እናምናለን።

ከዚህ ላይ አንዳንድ ባለ ዲፕሎማና ባለ ዲግሪ አንባቢ፣ «አርብቶ አደሩን በምን ሥርዓት እንጠይቀው? እርሱ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነው» ሊለን ይችላል። እኛም በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የወጣን ስለ ሆንን ይህ አነጋገር ከምን እንደሚመጣ እናውቀዋለን። በትምህርት ቤት ስለ አቴና ሸንጎ ተምረናል፤ ስለ ስዊስ ካንቶኖች ተፈትነናል። ስለ ዳጉ ግን ያስተማረን አልነበረም።

ዳጉ የአፋር የወሬ መለዋወጫ ሥርዓት ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ተሰጣጥተው ዝም ብለው አይተላለፉም፤ አረፍ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ። የት እንደ ዘነበ፣ የት ሣር እንዳለ፣ የየትኛው ጉድጓድ ውሃ እንደ ጐደለ፣ ማን እንደ ታመመ፣ የት ጠብ እንደ ተነሣ ተራ በተራ ይነገራል። ተናጋሪው ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ ብሎ መለየት አለበት፤ ሐሰት የነገረ ሰው በጎሣው ፊት ይጠየቅበታል። በዚህ መንገድ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሄዶ በጥቂት ቀን ሩቅ አገር ይደርሳል። መንጋ ከመንቀሳቀሱ በፊት ደግሞ መስኩን አይተው የሚመለሱ ሰዎች ይላካሉ፤ ይህም ኤዶ ይባላል። ሳያጣሩ መንቀሳቀስ በዚያ በረሃ መንጋን መጨረስ ነው።

ከብዱ ጉዳይ ሲመጣ ማብሎ ይቀመጣል። ሽማግሌዎችና የጎሣ መሪዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው መደዓ በሚባለው የአባቶች ሕግ መሠረት ነገሩን ይመረምራሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጠውም፤ ያልተስማማ ካለ ነገሩ ለነገ ያድራል። ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ የሚያስፈጽመው ፊዕማ የተባለው የእኩዮች ማኅበር ነው። አንባቢያችን ልብ እንዲልልን የምንፈልገው የነገሩን ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ የተጣራ ወሬ፣ ቀጥሎ ምክር፣ ከዚያ ውሳኔ፣ በመጨረሻ አስፈጻሚ። በብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን ግን ውሳኔው ይቀድማል፤ ምክሩ ይከተላል፤ ወሬው ደግሞ ከሁሉ በኋላ በሬዲዮ ይመጣል።

ይህን ስንል የጥንቱን ሁሉ ለማወደስ አይደለም። በማብሎ ሴቶች እንደ ወንዶቹ ተቀምጠው አይመክሩም፤ ወጣቱም ቢሆን የሚፈጽም እንጂ የሚወስን አይደለም። ከዚህ የተነሣ የሚደርሰው ጉድለት ቀላል አይደለም። በአፋር ቤቱን የምትሠራው ሴት ናት፤ ምንጣፉን ሠርታ፣ እንጨቱን ጐብጣ አቁማ፣ መንደሩ ሲነሣ ነቅላ በግመል የምትጭነው እርሷ ናት። ውሃ የምትቀዳውም እርሷ ናት። የውሃ ቦኖ የት ይተከል ተብሎ ወንዶች ብቻ ከተጠየቁ ሥራውን የሚያውቀው ሰው አልተጠየቀም ማለት ነው። ስለዚህ የመንግሥት ሠራተኛ ሽማግሌዎቹን አክብሮ ካነጋገረ በኋላ ሴቶቹን ለብቻቸው፣ ቢቻል በሴት ሠራተኛ አማካይነት፣ ማነጋገር ይገባዋል። ሽማግሌዎቹም ይህን የሚጠሉት በሥውር የተደረገ እንደ ሆነ ነው፤ አስቀድሞ የተነገራቸው ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በሕግ በኩል የጐደለ ነገር አለ ለማለት ያስቸግራል። በ1958 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የአውራጃ ራስን በራስ ማስተዳደርን የሚመለከት ትእዛዝ ቍጥር 43ን አውጥተው ነበር፤ ዳሩ ግን ለሥራው የሚያስፈልገውን የገንዘብ ሕግ ፓርላማው ስላላጸደቀው ነገሩ እንደ ታሰበው አልሆነም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነው። አንቀጽ 50 ንኡስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለእነዚያ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸውን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጽ 40 ደግሞ አርብቶ አደሮች ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው በግልጽ ጽፏል። በምርጫ በኩል በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤቶች ምርጫ ተደርጎ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ግን ተላልፏል። ምርጫ በዘገየ ቍጥር ደግሞ የመጠየቁ ግዴታ በሠራተኛው ላይ ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

እንግዲህ ችግሩ ያለው በአሠራር ላይ ነው። የተለመደውን አሠራር እናውቀዋለን። ጥሪው ዛሬ ማታ ይደርሳል፤ ስብሰባው ነገ ጠዋት ነው። በአዳራሹ ፊት ለፊት ባለሥልጣኖቹ በረጅም ጠረጴዛ ኋላ ይቀመጣሉ፤ ውሃ በፕላስቲክ ይደረደርላቸዋል። ወረቀቱ በአማርኛ ይነበባል። አስተርጓሚው የ20 ደቂቃውን ንግግር በ5 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ከዚያም ሐሳብ ያለው ይናገር ይባላል። መጀመሪያ እጁን የሚያወጣው በየስብሰባው የሚናገረው ያው የታወቀው ሰው ነው። አንድ አረጋዊ ተነሥተው ስለ ውሃ ሲናገሩ «ይህ ከአጀንዳው ውጭ ነው» ይባላሉ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ የውሎ አበል ይፈረማል፤ በቃለ ጉባኤውም ላይ «ከጋራ መግባባት ላይ ተደርሷል» የሚል ይጻፋል። መግባባቱን ያደረገው ማን ከማን ጋር እንደ ሆነ ግን አይታወቅም።

ሌላ መንገድ መኖሩን በዚያው በአፋር አይተናል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአፋር፣ በሱማሌ፣ በኦሮሚያና በደቡብ አርብቶ አደር ወረዳዎች በዓለም ባንክና በዓለም አቀፉ የግብርና ልማት ፈንድ ገንዘብ የተሠራው የአርብቶ አደር ማኅበረሰብ ልማት ፕሮጀክት የተነሣው ከዚህ ሐሳብ ነበር። ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላ፣ የእንስሳት ክሊኒክ ወይስ የውሃ ጉድጓድ ይቅደም የሚለውን እንዲመርጥ የተደረገው ቀበሌው ራሱ ነው፤ ከመካከሉ ኮሚቴ መረጠ፤ በገንዘብም በጉልበትም ድርሻውን አዋጣ። ሁሉም ነገር የሠመረ ነበር አንልም፤ ሕንጻው ቆሞ መምህር ወይም መድኃኒት ያልደረሰበት ጊዜ አለና። ሆኖም ሰው የመረጠውንና ላቡን ያፈሰሰበትን ነገር የሚጠብቅበት ዓይን ሌላ ነው። ከዚህም ሌላ ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ የማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም በሚባለው ሥራ በብዙ ወረዳዎች ተጠቃሚዎች ለጤና ጣቢያውና ለውሃ አገልግሎቱ ነጥብ እንዲሰጡ፣ ከሠራተኞቹም ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው እንዲነጋገሩ ተደርጓል። የወረዳ በጀት በሰሌዳ እንዲለጠፍም የተጀመረው በዚያው ዘመን ነው። በሰሌዳ መለጠፉ መልካም ነው፤ ማንበብ ለማይችለውና መንደሩ ከወረዳው ከተማ በእግር ሁለት ቀን ለሚያስኬደው ሰው ግን ሰሌዳው ምንም አይነግረውም። ለዚያ ሰው የሚደርሰው ዳጉ ነው። በጀቱን በቃል፣ በአፋርኛ፣ ገበያ በሚቆምበት ቀን ለገበያተኛው የነገረ ሠራተኛ ቢኖር ወሬው ከሰሌዳው ቀድሞ መንደር ይገባል።

ቋንቋን ካነሣን በየካቲት 2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋርኛን ከኦሮምኛ፣ ከትግርኛና ከሱማልኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ ይሆን ዘንድ እንደሚያስብ አንባቢያችን ያስታውሳል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ከታሰበ በአዋሽ አዳራሽ ውስጥ አፋርኛ በ5 ደቂቃ ትርጕም መጨረሱ ያሳፍራል። በአንጻሩ በአዋሽም በሎግያም ከየአገሩ የመጣ፣ አፋርኛ የማይሰማ፣ ግብር የሚከፍል፣ ልጁን የሚያስተምር ብዙ ሰው አለ፤ እርሱም የከተማው ሰው ነው። በሁለት ቋንቋ የሚካሄድ ስብሰባ ጊዜ ይፈጃል። ይፍጅ።

ከቋንቋው ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የወራቱ ነገር ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። ስለዚህ የዕቅድ ስብሰባዎቻችን በግንቦትና በሰኔ ይጣደፋሉ። አፋር ዓመቱን የሚቈጥረው በዝናቡ ነው፤ ሱጉም የሚባለው ትንሹ ዝናብ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ካርማ የሚባለው ዋናው ዝናብ ከሐምሌ ጀምሮ ይመጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ሐጋይ የሚባለው የሙቀትና የችግር ወራት ነው፤ በሰመራ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ባለ ከብቱም ውሃና ሣር ፍለጋ ርቆ ይሄዳል። እንግዲህ የመሥሪያ ቤቱ ጥሪ የሚደርሰው ተጠሪው በሌለበት ወር ነው። ከተማ የቀረው ብቻ ተሰብስቦ የወረዳው ሕዝብ ተስማማ ተብሎ ይጻፋል። ዓርብን ለጁምዓ ጸሎት፣ ረመዳንንም ለጾም ትቶ ቀን መምረጥ ሳይነገር የሚታወቅ ነገር ይመስለን ነበር፤ ዳሩ ግን ሳይታወቅ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

በጐረቤታችን በኬንያ በነሐሴ 2002 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥት የሕዝብን መጠየቅ ለእያንዳንዱ የካውንቲ ምክር ቤት ግዴታ አድርጎታል። የኪያምቡ ካውንቲ አዲስ የግብርና የክፍያ ሕግ ባወጣ ጊዜ ነዋሪዎች ከሰሱ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ሕዝቡ በሚገባ አልተጠየቀም በማለት ሕጉን ሻረው። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር አንድ ሕግ ሲወጣ ማን፣ መቼ፣ የት ተጠየቀ የሚለውን በማስረጃ መያዝ የሠራተኛው ሥራ ሆኗል። እኛም ወደ ፍርድ ቤት እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልገንም።

መመካከር ሥራ ያዘገያል የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ያዘገያል። መዘግየት የማይቻልበት ጊዜም አለ። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ መሬት ደጋግማ በተንቀጠቀጠች ጊዜ፣ ይልቁንም በታኅሣሥና በጥር፣ በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ሰው ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ጊዜያዊ መጠለያ እንዲሄድ ተደርጓል። በዚያ ሰዓት ሦስት ቀን ማብሎ ይቀመጥ የሚል የለም፤ ሰውን ማውጣት ግድ ነበር። ሰው ከወጣ በኋላ ያለው ነገር ግን ሌላ ነው። የተፈናቀለው ሰው የት ይስፈር? ከብቱ የት ይሰማራ? የሚሰፍርበት መሬት የየትኛው ጎሣ ግጦሽ ነው? የዚያስ ጎሣ ሰዎች ተጠይቀዋል? ይህን በቢሮ ካርታ ላይ ብቻ የሚወስን ሠራተኛ ነገ የሚነሣውን ጠብ ዛሬ ይዘራል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ሞልቶ ብዙ መንደሮችን ባፈናቀለ ጊዜም ጥያቄው ይኸው ነበር። የእርሻ ልማትም ቢሆን እንደዚሁ ነው፤ አንድ ወር ተመካክሮ የተቆፈረ ቦይ፣ ሳይመከርበት ተቆፍሮ ከብት ከሚያፈርሰው ቦይ ይፈጥናል።

በአዋሽም ሆነ በሰመራ ተመድበው ለሚሠሩ ጓደኞቻችን፣ ይልቁንም ከዚያው ከአፋር ተወልደው በሰመራ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ወደ ወረዳቸው ለተመለሱት፣ አንድ ትንሽ ሐሳብ እናቀርባለን። በቃለ ጉባኤው ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ይጨመር። በአንደኛው፣ ከሕዝቡ የተነገረውና በዕቅዱ ውስጥ የገባው ይጻፍ። በሁለተኛው፣ ከሕዝቡ የተነገረውና ያልገባው፣ ያልገባበትም ምክንያት ይጻፍ። ገንዘብ አልበቃ ብሎ ከሆነ ገንዘብ አልበቃም ይባል፤ የክልሉ ወይም የፌዴራሉ ሥልጣን ከሆነ ይኸው ይነገር። ከዚያ ያው ሠራተኛ ያንኑ ወረቀት ይዞ ወደ ተናገሩት ሰዎች ይመለስ። ሁለተኛው ዓምድ ከአንደኛው የበለጠ ዋጋ ያለው ይመስለናል፤ ጥያቄው ያልተፈጸመለት ሰው መልስ ይዞ የመጣን ሠራተኛ ሲያይ ለሚቀጥለው ጥሪ ይመጣልና። መልስ ሳይሰጠው ከቀረ ግን ለአበሉ ብቻ ይመጣል።

ይህ ሥራ አዲስ በጀት አይጠይቅም፤ የነዳጅና የአንድ ወይም የሁለት ቀን መንገድ ነገር ነው። የሚጠይቀው ጊዜን ብቻ ነው፤ ጊዜውም መቈጠር ያለበት በአፋር ዘመን አቈጣጠር ነው። ለሐምሌው በጀት መጠየቅ የሚገባው ከሐጋይ በፊት፣ መንደሩ በሱጉም ዝናብ ተሰብስቦ ሳለ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። መልሱን ይዞ መመለስ የሚገባው ደግሞ ካርማ ዘንቦ ሣሩ ሲበቅል፣ ባለ ከብቱ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ በነሐሴ ነው።